ራጅ ያላየው ስብራት



ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ ሰውነቱን ለማዳን መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ይደገፋል። የእጁ አንጓ ያብጣል፤ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ይነሣል፤ «ስብራት አልታየም» ይባላል። እንግዲህ ደኅና ነኝ ብሎ እጁን እንደ ልቡ ሊያሠራው ይገባልን?

ቪልሄልም ሮንትገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ይህ ጨረር ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ግን ይበልጥ ስለሚያግደው በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ፎቶግራፉም ጥላ እንደ መሆኑ መጠን፣ ስንጥቁ ቀጭን ሲሆን፣ ወይም አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ሲደረብ፣ ስብራቱ ሊሰወር ይችላል።

በተለይ በአንጓ ውስጥ በአውራ ጣት በኩል ያለችው፣ ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት በዚህ ታስቸግራለች። ደም በአብዛኛው የሚገባባት በጣቶች በኩል ካለው ወገኗ ስለ ሆነ፣ ስብራቷ ሳይታወቅ ቢቀር ወደ ክንድ ያለው ክፍሏ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ብዕር ለሚይዝ እጅ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ አውራ ጣት ሲቀና ከሥሩ የሚታየው ጎድጓዳ ስፍራ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ ሐኪሙ ስብራት ባያይም እጁን በጀሶ ወይም በድጋፍ አስሮ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጁን ይደግማል። የስብራቱ ጠርዝ በዚያ ጊዜ ስለሚሳሳ ስንጥቁ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ባለበት ግን አስቀድሞ ለማወቅ ይቻላል።

እንግዲህ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ እንገንዘብ። ሕመሙ ካልተወን ወደ ሐኪሙ መመለስ እንጂ እጃችንን በወጌሻ ማሳሸት አይገባንም።