«የት ነው?» የእሳት አደጋ ጥሪ እንዴት ይስተናገዳል

እንደሚታወቀው በደጋው አገራችን እሳት ሲነሣ የቆየ ሥርዓት አለ። ከጉና ግርጌ የሣር ክዳን ቤት ሲያያዝ መጀመሪያ ያየው ሰው «ኡኡ!» ይላል፤ የማዶው ሰው ይቀበለዋል፤ ጎረቤቱም ውኃ በእንስራ፣ እርጥብ ቅጠልና አፈር ይዞ ይደርሳል። ጭሱ ራሱ ስለሚጠራ «የት ነው?» የሚል የለም። ከተማ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። እሳት አጥፊው ከጣቢያው ሆኖ ጭሱን አያይም፤ የሚደርሰው የስልክ ድምፅ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ የሚደወለው 939 ነው (የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 መሆኑንም አብረን እንያዝ)። በእንዲህ ያለ ማዕከል ስልኩን የሚያነሣው እሳት የሚያጠፋው ሰው ሳይሆን ሌት ተቀን በፈረቃ የሚቀመጥ ጥሪ ተቀባይ ነው። በሥራው የተለመደው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ቦታው ነው። ለምን ቢባል፣ መስመሩ በመሀል ቢቋረጥ ምን እንደሚነድ ባይታወቅም መኪናው ሊነሣ ይችላል፤ ቦታው ካልታወቀ ግን ወዴት ይሂድ? ከዚያ በኋላ የሚነደው ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቤንዚን ወይም ዘይት ከሆነ ውኃ ያባብሰዋልና አረፋ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በውስጥ ሰው መኖሩና የደዋዩ ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። ታዲያ ወሬው እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ደዋዩ እየተናገረ ሳለ ሌላው ሠራተኛ ቅርብ ላለው ጣቢያ በሬዲዮ ያስተላልፋል። መብራት እንዲቆረጥ፣ ፖሊስም መንገድ እንዲያስከፍት የሚነገረው ከዚያው ነው።

የኛ አገር ችግር አድራሻ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዝቅ ብሎ» ለሰፈሩ ልጅ ይበቃል፤ ለሾፌሩ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ መኪናውን ቢመራ ትልቅ እርዳታ ነው። ቢደርስም መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት ሥራውን አክብዶት ነበር።

ፈረንጆችም ቢሆኑ ይህን የተማሩት በጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን ውስጥ በዊምፖል ጎዳና በተነሣ እሳት አምስት ሴቶች ሞቱ። አንድ ጎረቤት ደውሎ ነበር፤ የስልክ ማዞሪያው ግን ወረፋ አስጠበቀው። በ1937 ለአደጋ ብቻ የተለየው 999 እዚያው ለንደን ተጀመረ።

እኛስ? ከመካከላችን ሁለታችን በተማርንበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤቱ ሲያያዝ ሁሉም ጮኸ፤ የደወለው አንድ ልጅ ነበር። እሱም «ኧረ ተቃጠልን፣ ቶሎ ድረሱ!» ብሎ ዘጋው። መኪናው ሲቀርብን ስንት ቀን አማናቸው! የትምህርት ቤቱን ስም እንኳ አለመናገራችን የገባን ቆይቶ ነው። ከወጥ ቤቱ ጋር ተያይዞ የነበረው የመጻሕፍት ክፍል አብሮ ነደደ።

ነገ የምንመደብበት ከተማ ቁጥር ከአዲስ አበባው ሊለይ ይችላልና በደረስን ዕለት እንጠይቅ። ስንደውል ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የታወቀ ምልክት እንናገር፤ «በቃ» እስክንባልም አንዝጋ። የግቢያችንን በር በእርምጃ ለክተነዋል፤ የጭነት መኪና ስለሚገባበት የእሳት መኪናም አያቅተውም። የሚያግደው ከበሩ አለፍ ብሎ የተከመረው ማገዶ ነው፤ እሱን ቅዳሜ ጧት እናነሣለን፤ የቻለ ይምጣ።