ኮዱ ክፍት፣ መስመሩ ዝግ

አዲስ አበባ ላይ ስለ ኦፕን ሶርስ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር፣ ሲወራ ጨዋታው ቶሎ ወደ ዋጋ ይዞራል። የዊንዶውስ ፈቃድ ስንት ነው? ሳይከፈልበት የሚገኘውስ ምን ይጎድለዋል? በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ፣ ከዋጋ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው የትኛው ነው? ስለ ቴክኖሎጂና ነጻነት የሚነሳው ክርክር ወለጋ ላይ ዞሮ ዞሮ እዚህ ያርፋል። አካባቢው ነገሩን በኑሮ ቀምሶታል።

ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ሞባይሉም፣ የቤት ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም አብረው ተዘጉ። በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔትና ማኅበራዊ ሚዲያ ተቋርጦ ስልክና አጭር መልእክት በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ ይሠራ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች የካቲት 30 ባወጣው መግለጫ ጽፏል። መንግሥት በአካባቢው ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ ከሚጠራው ታጣቂ ቡድን ጋር ውጊያ ላይ ነበርና የሰጠው ምክንያት ጸጥታ ነው። በዚያው ሰሞን ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲያቀኑ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ አገሩን ያስጨንቅ ነበር፤ በአማራ ክልል ያሉ ወላጆች ወሬ ለመስማት የሚደውሉበት አካባቢ ስልክ አይነሳም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ሲገኝ «በ8335 ደውሉ» የሚለው ማስታወቂያ በየሬዲዮው ይለፈፍ ጀመር። ቄለም ላይ የሚደወልበት መስመር አልነበረም። የተከፈተው መጋቢት 22 ነው፤ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

ወቅቱን ልብ ይሏል። ታኅሣሥና ጥር ለወለጋ የቡና ወራት ናቸው። የጊምቢና የአካባቢዋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ በነቀምቴ ስም ይሸጣል፤ ነጋዴው የዕለቱን ዋጋ የሚሰማው በስልክ ነው፣ ገበሬውም የሚከራከረው የሰማውን ዋጋ ይዞ ነው። ስልክ ሲጠፋ ዋጋ የሚያውቀው መኪና ያለው ብቻ ይሆናል። ስለ ኢንተርኔት ነጻነት የሚጽፉ ሰዎች ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያስቀድማሉ፤ ተገቢም ነው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ያሰፈረው ነው። ግን የቡናው ሚዛን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ያላነሰ ክብደት አለው ባይ ነኝ፤ ፖለቲካ የማይወድ ሰውም የሚስማማበት መከራከሪያ እርሱ ነውና።

ወለጋ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። በግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ በፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ መዝጋት ተለመደ። በሰኔ 2012 የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ አገሩ በሙሉ ለሳምንታት ከኢንተርኔት ወጣ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ፣ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የየራሳቸውን ጨለማ አይተዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ክረምት ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የወለጋውን የሚለየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድምፅ ራሱ፣ ተራው ስልክ ሳይቀር፣ አብሮ መዘጋቱ፤ በዚህ የምትመስላት ትግራይ ናት። ሁለተኛ፣ ዝምታው። አዲስ አበባ ስትዘጋ ኤምባሲውም ባንኩም አየር መንገዱም በሰዓታት ውስጥ ይጮኻል፤ ቤጊና መንዲ ሲዘጉ የሚጮኸው ራሱ የተዘጋበት ሰው ነው።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ግን ባዶ ወሬ አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀ ጥላቻ ሰው አስገድሏል። በ2014 የባሕር ዳሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው እየተለጠፈ ከተወነጀሉ በኋላ ተገድለው፣ ልጃቸው ናይሮቢ ላይ ሜታን ከስሷል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጸደቀው ደግሞ ወለጋ ተዘግታ ሳለ ነው። አዋጁ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስቀጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ይጠይቃል። ሐሳቡን ስንመዝነው ቢያንስ አጥፊን ለይቶ የሚጠይቅ ነው፤ «ሐሰተኛ» የተባለውን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ እንዳለ ሆኖ። መስመር መቁረጥ ግን አይለይም። ወሬው ከዋሽንግተንና ከሚኒያፖሊስ መውጣቱን አያቆምም፤ የሚቆመው በቦታው ያለው ሰው «አይደለም፣ እኔ እዚህ ነኝ» የሚልበት ዕድል ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። እንደ ብዙው የክፍለ ሀገር ከተማ ሁሉ በወለጋም ሶፍትዌር የሚዳረሰው በፍላሽ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ አንድ ሃርድ ዲስክ አለው፤ ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ ፓወር ግዕዙም፣ ፊልሙም እዚያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ክራክ የተደረገ። ስልክ ለስልክ ደግሞ በዜንደር ይላላካሉ። ክራክ እንዲህ በሞላበት አገር ኦፕን ሶርስን «አያስከፍልም» ብሎ ማስተዋወቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ሌላውም አላስከፈለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ሥራ ሲጀምር ያነሳው የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ እንዲያውል፣ ውስጡን እንዲያጠና፣ ለሌላ እንዲሰጥ፣ አሻሽሎም እንዲያሰራጭ ነው የጠየቀው። ከእነዚህ ውስጥ ለወለጋ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። ለሌላ መስጠት እዚህ ቀድሞውንም የተለመደ ነው፤ ኮዳቸው ክፍት የሆኑትን ኡቡንቱን ወይም ሊብሬኦፊስን በፍላሽ ሲያዳርስ ግን ልጁ ሕግ አልጣሰም፣ ከክራኩ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ቫይረስም አላከፋፈለም። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በሞላ በአንድ ፋይል አጭቆ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ለአንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ማሽን ያዳርሳል። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው። በመንግሥት በጀት የሚገዙ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች እነዚህ ተጭነውባቸው ቢመጡ የሦስት ወር ጨለማ ቢያንስ ለተማሪው ይቀልለት ነበር።

በስፋት ወደ ስልካችን ከገባው ኦፕን ሶርስ አንዱ ደግሞ ሳይፎን የተባለው ቪፒኤን ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፈጠረውን መከፋፈል ተከትሎ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ሲቆዩ አገሩ በቪፒኤን ኖረ። ሳይፎን የተወለደው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ሲቲዝን ላብ ሲሆን ኮዱ ማንም እንዲያየው ተለቋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቪፒኤን ማለት መልእክትህን ሁሉ በማታውቀው ሰው ቤት አሳልፈህ መላክ ነው፤ ውስጡ የማይታይ ነጻ ቪፒኤን የሚያተርፈው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቀደሙት ዓመታት የቶር ኔትወርክም እንዲሁ ይሠራበት ነበር፤ በ2004 በኢትዮጵያ መዘጋቱን የፕሮጀክቱ ሰዎች ይፋ አድርገዋል። ቪፒኤን ግን የሚያልፈው በር ላይ የቆመን ዘበኛ ነው። በ2012 ወለጋ ላይ መንገዱም አልነበረም፤ ሳይፎን የጫነም ያልጫነም እኩል ዝም አለ።

ያው ሲቲዝን ላብ ከወለጋ ሕዝብ ጋር በሌላም ይገናኛል። በኅዳር 2010 ባወጣው ጥናት፣ የእስራኤሉ ሳይበርቢት የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችና በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች ላይ መነጣጠሩን አጋልጧል፤ ወጥመዱ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ፕሌየር አድሱ» የሚል ኢሜይል ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2006፣ አዲስ አበባ ላይ የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ክስ ውስጥ ኢሜይልን በምስጢር ስለ መጠበቅ የሚያስተምር፣ ማንም የሚያወርደው የሥልጠና መሣሪያ ተጠቅሷል። በሰኔ 2010 ከ260 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ያ ዘመን ያለፈ መስሎ ነበር። ከዓመት ተኩል በኋላ ግን የመዝጋቱ ልማድ ወለጋ ላይ በሌላ መልክ መጣ፤ ገጽ ሳይሆን አካባቢ ማፈን።

ሌላው ሰፊ ሜዳ ቋንቋ ነው። ወለጋ ለአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ምን እንደሆነች ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው፣ ከአስቴር ጋኖም ጋር የንባብ መማሪያ ያዘጋጀው በግዕዝ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ ሲያስተምር ካህናት ከሰውት እንዳይሰብክ ተከልክሎ ነበር። በጥቅምት 1984 ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል ሲመረጥ፣ ያለ ማንም ሐሳብ፣ የኮምፒውተር ጣጣ አብሮ ተቃለለ፤ የላቲኑ ቁልፍ ሰሌዳ እንዳለ ያገለግላልና። አማርኛ ጸሐፊው ግን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ እስኪገባ፣ ከገባም በኋላ ለዓመታት፣ በአንዱ ፕሮግራም የጻፈው በሌላው አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነበት ኖሯል። ያን ችግር የፈቱት በአብዛኛው ለሁሉም በነጻ የተለቀቁ ፊደላትና የመጻፊያ ዘዴዎች ናቸው።

የአፋን ኦሮሞ ችግር የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። መጻፍ ቀለለ፤ የፊደል ግድፈት የሚያርም፣ የሚተረጉም፣ የሚፈልግ መሣሪያ ግን ዘገየ። ጉግል አማርኛን መተርጎም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን አፋን ኦሮሞ የገባው በ2022 ነው። ከዚያ ሁሉ ቀድሞ ማይክል ጋሰር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ሆርንሞርፎ የተባለ፣ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸው የሚፈታ ፕሮግራም ሠርቶ ከነኮዱ ሰጥቷል፤ ዛሬም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊያወርደው፣ ሊያርመው ይችላል። በ2014 ክረምት ሜታ 200 ቋንቋ የሚተረጉም ሞዴል ሲለቅ ከዝርዝሩ ውስጥ «ምዕራብ ማዕከላዊ ኦሮሞ» የሚል አለ፤ የወለጋው አነጋገር በዚህ ምድብ ውስጥ ነው። ደስ ይላል። ፈቃዱ ግን ለንግድ ማዋልን ይከለክላል። የነቀምቴ ወጣት በእናቱ ቋንቋ የሠለጠነውን ሞዴል አውርዶ መመራመር ይችላል፤ ለቡና ነጋዴዎች የትርጉም አገልግሎት ሠርቶበት መሸጥ አይችልም። ጋዜጣው «ኦፕን ሶርስ ተለቀቀ» ብሎ ሲጽፍ ይህቺ አንቀጽ ትዘለላለች። ከ2016 ክረምት ጀምሮ ለ«አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና ለተመዘገቡት ወጣቶችም ከኮዱ ጎን ለጎን የፈቃድ ሰነድ ማንበብን ቢያስተምሯቸው ጥሩ ነበር።

መንግሥት ራሱ በዚህ መሐል የኦፕን ሶርስ ትልቅ ተጠቃሚ ሆኗል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጤና ጣቢያዎች ወርኃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ጥሩ ጎኑ፣ በስልክ የሚሠራው ቅጂ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ መስመር ሲመጣ ይልካል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር ላይ በተሠራና ማንም በሚያነበው ኮድ ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ቢሆንም መስመሩ ያው የሚዘጋው ነው፤ ገንዘብም በሞባይል ገንዘቡ በቴሌብርም ሆነ በባንክ የሚንቀሳቀሰው በዚያው ነው። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013፣ ከወለጋው መዘጋት በኋላ ነው፤ ዛሬ መስመር ቢቆረጥ የሚቆረጠው ወሬ ብቻ አይሆንም፣ ዘይትና ሳሙናም ነው።

ከሕንድ ኮድ ወስደናል። ሕንድ ራሷ በዓለም ኢንተርኔት በመዝጋት ከቀዳሚዎቹ ናት፤ ሆኖም ጥር 1 ቀን 2012፣ ወለጋ በተዘጋች በሳምንቱ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካሽሚር ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ኢንተርኔት የሚዘጋ ትእዛዝ ሁሉ ለሕዝብ ታትሞ ይውጣ፣ ጊዜው ይወሰን፣ በፍርድ ቤት ይግባኝ ይባልበት አለ። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካ አገራት ፍርድ ቤት ቶጎ ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ፤ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም ባንጁል ላይ መንግሥታት ሕዝቡን ከኢንተርኔት አያቋርጡ የሚል ድንጋጌ አጽድቆ ነበር። እኛ ጋ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዜጋው መረጃ በማን እጅ እንዴት እንደሚያዝ ይዘረዝራል። የዚያው ዜጋ መስመር በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ምክንያት እንደሚዘጋ የሚያዝ እንዲህ ያለ አዋጅ ገና አልወጣም።