የኮምፒዩተር ራም ከማዘርቦርድ ጋራ መስማማቱን ስለ ማረጋገጥ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን፣ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ወይም የቆየውን ለማደስ የሚያስብ ሰው ራም የተባለውን የማስታወሻ ክፍል ከመግዛቱ አስቀድሞ ከማዘርቦርዱ ጋራ መስማማቱን በምን ዓይነት እንደሚያረጋግጥ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ደብዳቤውም፣ ሒሳቡም፣ የባለጉዳዩም መዝገብ በኮምፒዩተር የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ቢያውቀው ይጠቀምበታል።

በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ብንናገር፣ ዲስኩ መዝገብ ቤት ሲሆን ራሙ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነው። ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የሚሠራበት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ቢሆን ሥራው ይጓተታል፤ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋራ የማይስማማ ቢሆን ግን ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አይነሣም።

ይህ ጥንቃቄ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ዳባትን እንውሰድ። ከተማይቱ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ የጤና ጥናት ጣቢያ አቋቁሞ፣ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየቤቱ እየመዘገበ ብዙ ዓመታት ሠርቷል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠራ ሰው ከጎንደር የማይስማማ ራም ገዝቶ ቢመለስ፣ ኪሳራው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ለመለወጥ ሲሄድና ሲመለስ የሚጓዘው 150 ኪሎ ሜትር፣ የሚባክነው የሥራ ቀን፣ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ ሁሉ አብሮ ይቈጠራል።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው።

አንደኛው፣ ራሙ የየትኛው ትውልድ ነው? የሚል ነው። ለዴስክቶፕ በተሠራው ዓይነት ዲዲአር3 240 የብረት ጥርሶች ሲኖሩት፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እያንዳንዳቸው 288 አሏቸው። የሚሠሩበትም ኤሌክትሪክ እንደ ቅደም ተከተላቸው በመደበኛው 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ቮልት ነው። የጥርሶቹ ቍጥር እኩል ቢሆንም እንኳ ጠርዙ ላይ የተቆረጠችው ክፍተት በተለያየ ስፍራ ስለምትገኝ፣ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። አልገባም ያለውን በኀይል መጫን ዕቃውን መስበር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጡት የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከዲዲአር4ም ከዲዲአር5ም ጋራ ይሠራሉ፤ ማዘርቦርዱ ግን እንደ ተሠራበት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው፣ መጠኑ ረጅም ነው ወይስ አጭር? የሚል ነው። ረጅሙ ለዴስክቶፕ፣ አጭሩ ለላፕቶፕ የተሠራ ነው። ሆኖም አንዳንድ ትናንሽ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች አጭሩን ስለሚወስዱ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው፣ ማዘርቦርዱ የሚችለው መጠንና ፍጥነት ምን ያህል ነው? የሚል ነው። ሁለት መሰኪያ ያለውና በጠቅላላው እስከ 32 ጊጋባይት የሚችል ማዘርቦርድ፣ ብዙውን ጊዜ በያንዳንዱ መሰኪያ የሚቀበለው እስከ 16 ብቻ ነው። በፍጥነት በኩል ግን የራሙ ከማዘርቦርዱ ቢበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራል እንጂ ጕዳት የለውም። በራሙ ላይ «ፒሲ3-12800» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 12800ን ለ8 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 1600 ስለሚሆን፣ ዕቃው ዲዲአር3-1600 ከሚባለው ጋራ አንድ ነው።

አራተኛው፣ ለሰርቨር የተሠራ አይደለምን? የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሬጂስተርድ» የሚባለው የሰርቨር ራም፣ ዲዲአር4 ከሆነ ተራ በሆነው የዲዲአር4 መሰኪያ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን ተራው ማዘርቦርድ በእርሱ አይነሣም። ያገለገለው በርካሽ ሲገኝ የዋጋው ማነስ ገዢውን ያታልላል። ስለዚህ ልክ መግባቱን አይቶ ይሠራል ብሎ መደምደም አይገባም።

የነዚህን ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት፣ በማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን የሞዴል ስም በትክክል መጻፍና የፋብሪካውን መመሪያ ማንበብ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ፈትነው ያረጋገጧቸውን ራሞች ዝርዝር ያወጣሉ። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሁሉ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ያለውን የገዛ ሰው ግን ጥርጣሬው ይቀንስለታል። ኢንተርኔት ባይኖር፣ ሲሠራ የቆየውን ራም ነቅሎ ለሻጩ ማሳየትና የማይስማማ ቢሆን ለመለወጥ በደረሰኙ ላይ ማስፈረም መልካም ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ፣ በሰውነት ላይ የተጠራቀመውም ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጐዳ አስቀድሞ ያልተቀባ የሣጥኑን ብረት መንካት ያስፈልጋል። ከተገጠመም በኋላ ሜምቴስት86 በሚባለው ፕሮግራም ሳይፈትኑ መዝገብ ማስገባት አይገባም። ጕድለት ያለበት ራም ሁልጊዜ ኮምፒዩተሩን አያቆመውም፤ አንዳንድ ጊዜ አንዲቱን አኀዝ ለውጦ ዝም ይላል። የተለወጠችውም አኀዝ የአንድ ሕፃን የልደት ዓመት ወይም የአንድ ጡረተኛ ሒሳብ ልትሆን ትችላለች።

ዐሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የተባለው ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም። የማዘርቦርዱን ስም ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጊዜ ዐምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ይህን ሳያደርግ የገዛ ሰው ግን መንገዱን ሁለት ጊዜ ይመላለሰዋል።