በመዝናኛ መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጓዝዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች

አገራችን የባሕር በር የሌላት በመሆኗ አብዛኞቻችን ትልቅ መርከብን የምናውቀው በምስል ነው። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ለጉብኝት ሲጋብዙ፣ አዲስ ተጋቢዎችም ለጫጉላ ጊዜያቸው ሲመርጡት፣ በተለምዶ «ክሩዝ» እየተባለ የሚጠራው የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ለወገኖቻችንም እንግዳነቱ እየቀረ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዞውን መከልከል አይደለም። በወረርሽኝ ወቅት መርከብ የሚያስከትለውን የተለየ ሥጋት ማስረዳትና ተጓዡ ገና በየብስ ላይ ሳለ ሊወስናቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ማመልከት ነው።

መርከብ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

አንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከልዩ ልዩ አገሮች ሰብስቦ ለቀናት በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራል። ሰዎቹ በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፤ በአንድ አሳንሰር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ በአንድ የትርኢት ክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በየወደቡ ወርደው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ከተገናኙ በኋላ ተመልሰው ይሳፈራሉ። መንገደኞች ጉዟቸውን ሲፈጽሙ በሌሎች ቢተኩም፣ ሠራተኞቹ ግን ለወራት በመርከቡ ላይ ይቆያሉ፤ ብዙዎቹም ጠባብ መኝታ ክፍል ይጋራሉ። በመሆኑም በሽታ ከመንገደኛ ወደ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛም ወደ ቀጣዩ ጉዞ መንገደኞች ሊሻገር ይችላል።

ሆቴል ውስጥ የታመመ ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል። በባሕር መካከል ያለ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ መርከቡ ወደብ እስኪደርስ፣ ወደቡም እስኪቀበለው ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ከ«ዳይመንድ ፕሪንሰስ» የተገኘ ትምህርት

«ዳይመንድ ፕሪንሰስ» የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2020 ከጃፓን የዮኮሃማ ወደብ ተነሣ። ከመንገደኞቹ አንዱ ከአምስት ቀን በኋላ በሆንግ ኮንግ ወረደ፤ ቆይቶም በምርመራ የኮቪድ-19 ተሐዋሲ ተገኘበት። መርከቡ ወደ ዮኮሃማ ሲመለስ 3,711 ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። መንገደኞቹ ከየካቲት 5 ጀምሮ በየክፍላቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። በመጨረሻ 712 ሰዎች፣ ማለትም ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ፣ በበሽታው መያዛቸው ተረጋገጠ።

ከዚህ ክስተት ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ በበሽታው ከተያዙት መካከል ግማሽ ያህሉ በምርመራው ጊዜ ምንም የሕመም ምልክት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ «ጤነኛ መስሎ መታየት» ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ፣ መንገደኞች በየክፍላቸው ሲቀመጡ ሠራተኞች ምግብ ማዘጋጀትና ማዳረስ ስለነበረባቸው እርስ በርሳቸው መራራቅ አልቻሉም። ሦስተኛ፣ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው በየዕለቱ የሚወስዱት መድኃኒት እያለቀባቸው ከየብስ እስኪመጣላቸው ለመጠባበቅ ተገደዋል።

በዚያው ወር «ዌስተርዳም» የተባለው ሌላ መርከብ ጃፓን፣ ታይዋን፣ ፊሊፒንስ፣ ጉዋምና ታይላንድ አላስገባም ስላሉት በባሕር ላይ ሲንከራተት ቆይቶ በካምቦዲያ ተቀባይነት አገኘ። ወደቦቹ በራቸውን የዘጉበት በመርከቡ ላይ በምርመራ የተረጋገጠ ሕመምተኛ ሳይኖር ነበር። ስለዚህ በወረርሽኝ ወቅት የሚሳፈር ሰው በቲኬቱ ላይ የተጻፈው የመመለሻ ቀን ሊለወጥ እንደሚችል ከወዲሁ ማሰብ ይኖርበታል።

ከመመዝገብዎ በፊት

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው የሚጓዘው?» የሚለው ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በወረርሽኝ ወቅት ለከባድ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ልጆች ለወላጆቻቸው ይህን ጉዞ በስጦታ ሲያዘጋጁ ወላጅ «እምቢ» ማለት ሊከብደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪምን አብሮ ማማከር ውሳኔውን ለሁለቱም ወገን ያቀላል። ወረርሽኙ እየተባባሰ ከሆነ ጉዞውን ማራዘም ወላጅን ማክበር እንጂ ውለታን መግፋት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናትን በሚመለከት ኩባንያዎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አብዛኞቹ 24ኛ ሳምንቷን የያዘችን ነፍሰ ጡርም ሆነ ከስድስት ወር በታች የሆነን ሕፃን አያሳፍሩም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ቀጥሎ ስለ ገንዘብ ጉዳይ በግልጽ ይወያዩ። ብታመም ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቤ ይመለሳል? ተለይቼ እንድቆይ ብታዘዝ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የጤና መድን አለኝ ብለው የሚተማመኑ ከሆነ በባሕር ላይና በሌላ አገር ወደብ የሚደረግ ሕክምናን፣ እንዲሁም በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል መወሰድን የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ይህ ጥያቄ ከጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ገንዘቤን አጣለሁ ብሎ የሚሠጋ ሰው ትኩሳቱን ደብቆ ለመሳፈር ይፈተናልና።

ክትባትና የጉዞ ሰነድ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። በመሆኑም ከአገራችን የሚነሣ ተጓዥ በብዙ አገሮች መግቢያ የክትባት ማስረጃውን፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ማስረጃው መሥራት የሚጀምረው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የኮቪድ-19ና የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶችንም በሚመለከት የጤና ባለሙያ ያማክሩ። መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች ሁሉ ዝርዝር ይዘው የእያንዳንዱን የቪዛና የጤና መስፈርት ያጣሩ፤ ከአንድ አገር ወጥቶ ተመልሶ መግባት ካለ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል።

የመድኃኒት ስንቅ

ለወደብ ሠራተኞች የሚሰጥ ሻንጣ ወደ መኝታ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የሚከተሉትን ከእጅዎ በማይለይ ቦርሳ ይያዙ፦

• በየዕለቱ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ከታሰበው የጉዞ ጊዜ በላይ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ትርፍ ጨምረው፤
• የመድኃኒቱን ስምና መጠን የሚገልጽ የሐኪም ማዘዣ፤
• የሙቀት መለኪያ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ጭምብል፣ ሳሙናና ሳኒታይዘር፤
• የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ቁጥርና የመድን ሰነድ።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በክፍልዎ ማቀዝቀዣ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

በመርከቡ ላይ

መኝታ ክፍል ሲመርጡ አቅምዎ ከፈቀደ በረንዳ ያለውን ይምረጡ። በመርከቡ ውስጠኛ ክፍል ያሉት መኝታዎች ዋጋቸው ቢቀንስም መስኮት የላቸውም፤ ተለይተው እንዲቆዩ ቢታዘዙ ንጹሕ አየር የሚያገኙበት መንገድ አይኖርም። ጊዜዎን በተቻለ መጠን በገላጣው የመርከቡ ክፍል ያሳልፉ። በተጨናነቀ አዳራሽና በአሳንሰር ውስጥ ጭምብል ያድርጉ።

በመርከብ ላይ በብዛት ከሚከሰቱ ሕመሞች አንዱ ኖሮቫይረስ የሚያስከትለው ማስመለስና ተቅማጥ ነው። በሽታው ተሐዋሲው ወደ ሰውነት ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ በጥቂት ተሐዋስያንም ይተላለፋል። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ይህን ተሐዋሲ በሚገባ ስለማያጠፋ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ምትክ የለውም። በአንድ ማዕድ መጉረስና ማጉረስ የፍቅራችን መግለጫ ቢሆንም ለጉዞው ጊዜ ይቆየን።

በመሳፈሪያው ዕለት የሚሰጠውን የአደጋ ጊዜ ልምምድም በትኩረት ይከታተሉ። ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም የመለከት ድምፅ ሲሰሙ የት መሰብሰብ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በጣሊያን ባሕር ዳርቻ አደጋ ሲደርስባት 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር።

የሕመም ምልክት ቢታይብዎ

ትኩሳት፣ ሳል፣ የመተንፈስ ችግር፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ሲጀምርዎ ከክፍልዎ ሳይወጡ ወደ መርከቡ ክሊኒክ ይደውሉ። ክሊኒኩ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይሰጣል፤ የሆስፒታልን ያህል አቅም ግን የለውም፤ አገልግሎቱም ብዙ ጊዜ በክፍያ ነው። የመርከቡ አዛዥ በመርከቡ ላይ ያለውን ሕመም ወደብ ከመድረሱ በፊት ለወደቡ ባለሥልጣናት እንዲያሳውቅ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ይገደዳል። ይህን ግዴታ በትክክል ሊፈጽም የሚችለው ግን መንገደኞች እውነቱን ሲነግሩት ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በመርከብ ላይ ደግሞ በሽታውን የደበቀ ሰው የሌላውንም መድኃኒት ያሳጣል፤ ምግብ አቅራቢውን፣ አልጋ አንጣፊውን፣ በጎረቤት ክፍል ያሉትን አዛውንት ለአደጋ ያጋልጣልና። ተለይቶ መቆየት ቅጣት ወይም ውርደት አይደለም። የሜዲትራኒያን ወደቦች መርከቦችን ለይተው ማቆየት የጀመሩት በ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ዛሬ «ኳራንቲን» የምንለው ቃልም መነሻው በቬኒስ ቋንቋ «አርባ ቀን» ማለት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ጉዞው የሚያበቃው ከመርከብ ሲወርዱ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች በሚያዝዙት የመከታተያ ጊዜ ውስጥ ሙቀትዎን ይለኩ፤ ወደ ለቅሶ፣ ሠርግና ማኅበር ከመሄድ፣ አዛውንትንም ከመጠየቅ ይቆጠቡ። ምልክት ከታየብዎ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ፤ ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱም በመርከብ ተጉዘው እንደነበር አስቀድመው ይናገሩ። ይህ አንድ ቃል ሐኪሙ ሕመሙን ቶሎ እንዲለይ፣ በወረፋ ላይ ያሉትም ሳይጋለጡ እንዲተርፉ ይረዳል።