ለመልካም የጆሮ ማዳመጫ ስለሚገዛ የመጀመሪያ አምፕሊፋየር

ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ በቤቱ ያለው ሰው ሌሊት ዜማ ቢሰማ ሕፃናቱ አይነቁም፥ የቤቱም እመቤት አትቈጣም፤ ስለዚህ ይህ ዕቃ ከጌጥነቱ ይልቅ ለቤት ሰላም ረዳት ነው ብንል ማጋነን አይኾንብንም። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለውን ማዳመጫ የገዛ ሰው ብዙ ቀን ሳይቈይ ሌላ ነገር ይቀርብለታል። ሻጩ፥ «ጌታዬ፥ አምፕሊፋየር ካልጨመሩበት ገንዘብዎ በከንቱ ቀረ» ይለዋል። እኛ የምንመክረው፥ ኹለተኛው ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የፊተኛው ዕቃ ጠባይ ተመርምሮ ይታወቅ ዘንድ ነው።

አምፕሊፋየር ማለት ከስልክ፥ ከኮምፒዩተር ወይም ከዲስክ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አበርትቶ ለማዳመጫው የሚያቀብል መሣሪያ ነው። ያለውን ያበረታል እንጂ ያልነበረውን አይፈጥርም፤ በመጥፎ የተቀዳ ዜማ በውድ አምፕሊፋየር ቢያልፍ ያው መጥፎ ነው።

ከማዳመጫው ጋራ በሚመጣው ወረቀት ላይ ኹለት ቍጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው በኦም የሚለካው፥ ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ኹለተኛው ማዳመጫው በአንድ ሚሊዋት ኃይል ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ ይናገራል። ብዙ ሰው የሚመለከተው የኦሙን ቍጥር ብቻ ሲኾን፥ ይህ ያሳስታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. የወጣው የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ተቃውሞው 300 ኦም ነው፤ በአንድ ሚሊዋትም 97 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። በሙዚቃው ውስጥ ለቅጽበት የሚነሣው ከፍተኛ ድምፅ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ 20 ሚሊዋት፥ ማለት 2 ቮልት ተኩል ያህል ይበቃዋል። አንድ ቮልት ብቻ በሚሰጥ ስልክ ቢጋጠም እንኳ 102 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ይህም ለብዙ ሰሚ የሚያንስ አይደለም። በሌላ ወገን ሃይፋይማን ኤችኢ 6 የተባለው ማዳመጫ ተቃውሞው 50 ኦም ብቻ ሲኾን፥ በአንድ ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ስለ ኾነ እዚያው 110 ለመድረስ 450 ሚሊዋት ያህል ይጠይቃል። እነሆ፥ ኦሙ ያነሰው ከኦመ ብዙው ከ20 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ፈለገ።

እንግዲህ ማዳመጫው በስልኩ ብቻ በደንብ የሚሰማ ከኾነ፥ አምፕሊፋየሩ ለጊዜው ቢቀር ምንም አይጐድልም። የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሙዚቃው ገና ደካማ ሲኾን ግን መግዛት ይገባል።

በሚገዛበት ጊዜ ከኃይሉ ቀጥሎ የሚጠየቀው የአምፕሊፋየሩ የራሱ የመውጫ ተቃውሞ ነው። በልማድ የሚታወቀው መለኪያ ይህ ተቃውሞ ከማዳመጫው ተቃውሞ ስምንተኛ እጅ እንዳይበልጥ ነው፤ ማዳመጫው 32 ኦም ቢኾን አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም መብለጥ የለበትም። ከዚህ ካለፈ የብዙ ማዳመጫዎች ወፍራም ድምፅ ከልኩ በላይ ያብጣል፥ የዜማውም መልክ ይለወጣል። ከፋኖስ ጋራ የሚመሳሰል ብርሃን የሚሰጡት ባለ ቱቦ አምፕሊፋየሮች ለዓይን እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የመውጫ ትራንስፎርመር የሌላቸው ቱቦዎች ለ300 ኦም እንጂ ለ32 ኦም ማዳመጫ የሚስማሙ አይደሉም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ስሙን ሰውሮ የሚጽፍ አንድ መሐንዲስ ኦ2 የተባለውን አምፕሊፋየር ንድፍ ለሕዝብ በነጻ አውጥቶ ነበር፤ የመውጫ ተቃውሞው ግማሽ ኦም ያህል ብቻ ነው። የመልካም አምፕሊፋየር ሥራ በወፍራም የብረት ሣጥንና በወርቅ ቅብ ቁልፍ የሚገኝ እንዳልኾነ ለማስረዳት ይህ ይበቃል እንላለን።

ኹለት አምፕሊፋየር ለማወዳደር የተቀመጠ ሰው ጆሮው በቀላሉ ይታለላል። አንደኛው ከሌላው በአንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ቢሰማ፥ ሰሚው «ይህ ጮኸ» አይልም፤ «ይህ ይበልጥ ጠራ፥ ክራሩም ቀረበኝ» ይላል እንጂ። ብልህ ነጋዴ ውዱን ዕቃ ጥቂት ከፍ አድርጎ ቢያሰማ ገዢው ራሱን በራሱ ያሳምናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የማይለዋወጥ ድምፅ እያሰሙ፥ ማዳመጫው እንደ ተጋጠመ የኹለቱን መውጫ በቮልት መለኪያ አስተካክሎ፥ ከዚያ በኋላ ከቤተ ሰብ አንዱ የትኛው እንደ ተሰካ ሳይናገር እያለዋወጠ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። ለዚህ ፈተና በደንብ የተቀዳ በገና ይመረጣል፤ የዐሥሩ አውታር ንዝረትና የእንዝራው ጕርምርምታ ተለይተው ካልተሰሙ ጕድለቱ ቶሎ ይታወቃል። በዚህ አኳኋን የተፈተኑ ብዙ አምፕሊፋየሮች ልዩነታቸው እንደ ጠፋ ሲያይ የማይደነቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ነገር እንጨምር። ኃይለኛ አምፕሊፋየር ወደ ቤት ሲገባ ጆሮን የሚጐዳ ኃይልም አብሮ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የወሰነው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በእኩሌታ ይቀንሳል፥ በ90 ዴሲቤልም የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ይኾናል። ለሕፃናት መነሻው 75 ዴሲቤል ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ የድምፁ ቁልፍ ጥቂት ሲዞር ድምፁ በድንገት የሚያስደነግጥ አምፕሊፋየር ለቀላል ማዳመጫ አይገዛም፤ የኃይሉን ደረጃ ዝቅ የሚያደርግ መቀየሪያ ያለው ይሻላል። ማዳመጫውንም በራስ ላይ ከማድረግ በፊት ቁልፉን ወደ ዝቅተኛው መመለስ ይገባል።

በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ዕቃውን ገዝቶ የሚልክ እንደ ኾነ፥ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፥ የእኛው 220 ቮልት መኾኑን አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ከግድግዳ የሚሰካው ከባዱ ባለ ትራንስፎርመር ማስተላለፊያ ብዙ ጊዜ ለአንድ ቮልት ብቻ የተሠራ ስለ ኾነ፥ በጀርባው 220 ወይም 230 የሚል ጽሕፈት ሳይታይበት አይሰካም።