ወሰኑን የሚያውቁት ሳሉ

አየር ጤና ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ሰው ስለ ግቢው ሲጠየቅ ካርታ አያወጣም። «ከዚያች ባሕር ዛፍ እስከ አቶ እገሌ አጥር» ብሎ በእጁ ያሳያል። ባሕር ዛፏ ከተቆረጠች ቆይታለች፤ አቶ እገሌም ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል። ወሰኑን አሁን የሚያውቁት አባትና እናት ብቻ ናቸው።

ብዙዎቻችን «ካርታ አለኝ፣ ግብሬንም በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» እንላለን። ካርታ መኖሩ ጥሩ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አምጥቷል። ቦታው ይለካል፣ ወሰኑ ይረጋገጣል፣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መብቱ፣ ክልከላውና ኃላፊነቱም በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። ካዳስተር ሲባል የምንሰማው ይህ ነው። ሥራው ሰፈር በሰፈር በጥሪ ይካሄዳል፤ ባለይዞታው ጥሪ ሳይጠብቅ በራሱ ጥያቄ የሚመዘገብበት መንገድም አለ። መሬቱ ግን የግላችን አይሆንም። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የእኛ የሆነው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብታችን ነው። እሱም በመዝገብ ካልተያዘ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስትሮክ የመታቸው አባት አንደበታቸው ተይዟል፤ ልጆች በጆሯቸው «አባባ፣ ሰነዱን የት አስቀመጡት?» ይላሉ። አንዱ ቀለም ይዞ መጥቶ ጣታቸውን ሊያስፈርም ይሞክራል። ራሱን ከማያውቅ ሰው የተወሰደ አሻራ ለቤተሰቡ የሚያተርፈው ክስ ነው። «ውክልና ሰጥተውኛል» የሚለውም ሩቅ አይሄድም፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደ ደንቡ ያበቃል።

ከቀብር በኋላ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። አንዱ ልጅ ዱባይ፣ አንዷ አሜሪካ ከሆኑ ደግሞ በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይኖርባቸዋል። ቦታው አስቀድሞ ተለክቶ ከተመዘገበ ይህ ሁሉ በጊዜው ያልቃል። ወሰኑ አጠያያቂ ከሆነ ግን ሐዘንተኞቹ እርስ በርስም ከጎረቤትም ሊካሰሱ ነው።

የሚስት ስም ነገርም አለ። በአማራ ክልል ገጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ ይለጠፋል። እኛ ከተሜዎቹ ግን በባል ስም ብቻ የወጣ ካርታ ይዘን የተቀመጥን ብዙ ነን። በአዲስ አበባ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ ብቻዬን ያፈራሁት ነው የሚል ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ሕጉ ለሚስት ይቆማል። ቢሆንም ተከራክሮ ማግኘትና ስም ተጽፎ ማደር አንድ አይደለም። ባሏን የቀበረች የሰባ ዓመት ሴት በፍርድ ቤት ደጅ ለምን ትቁም?

የመንገድና የኮሪደር ሥራ በከተማችን በበረታበት በዚህ ጊዜ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚለው ይህንኑ ነው። የተመዘገበ ቤት ለባንክ ብድርም ዋስትና ይሆናል፤ እኔ በግሌ ለልጅ ንግድ ተብሎ የጡረተኛ ቤት ሲያዝ ደስ አይለኝም።

«ሲለኩት ትርፍ ቦታ ተገኘ ብለው ቢወስዱብኝስ?» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ልኬቱ ካርታው ላይ ካለው ከበለጠ ጥያቄ ይነሳል። ግን ጥያቄው አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም፤ ቦታው መቼና እንዴት እንደተገኘ የሚያውቁት አባት ቢመልሱት ይሻላል ወይስ ያኔ ያልተወለደው ልጅ?

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የጋብቻ ማስረጃውንና መታወቂያውን አንድ ላይ አድርጉና ስሞቹን አመሳክሩ። በሥራ ዘመኔ በካርድ ክፍል ያስቸግረን የነበረው ይኸው ነው፤ አንዲት ሴት በክርስትና ስሟ አንድ ካርድ፣ በዓለም ስሟ ሌላ ካርድ ይኖራታል። በቤት ሰነድም ያጋጥማል። ካርታው ወለተ ማርያም፣ መታወቂያው አልማዝ ካለ «ሁለቱም እኔ ነኝ» ብለው ማስተካከል የሚችሉት ራሳቸው ወይዘሮ አልማዝ ናቸው።