ተጨማሪ መረጃ፦ ካርታው ሲቀላ

አሜሪካ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያዘጋጁታል። ድርቁ በበረታ ቁጥር ቀለሙ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይና ጥቁር ቀይ ይሄዳል። ካርታው ለአርቢው ገንዘብም ነው፤ በግጦሽ ወቅት ቀዩ የአንድን ካውንቲ (የአስተዳደር ወረዳ) ጥግ እንኳ ከነካ፣ የካውንቲው ከብት አርቢዎች በሙሉ ቢያንስ ለሦስት ወር የመኖ ድጎማ ማመልከት ይችላሉ። ስሌቱ ከወርሃዊ የመኖ ወጪ 60 በመቶ ነው። የካውንቲ ወሰን ግን ዝናብን አያውቅም፦ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ሣሩ እኩል ቢደርቅበትም፣ በሌላ ካውንቲ ውስጥ ከሆነና ቀዩ ካልደረሰበት ያን ያህል አያገኝም። ድጎማው ለግጦሽ ብቻ ነው፤ የበቆሎ ማሳ የሚታየው በሌላ መርሐ ግብር ነው።